አረንጓዴዋ መብራት የማትነግረን፦ በቺፕ ውስጥ ስላለው የኢተርኔት መቆጣጠሪያ

የነርሲንግ ተማሪ ስለ ቺፕ ምን አገባት ትሉ ይሆናል። ታካሚ አልጋ አጠገብ ያለው ሞኒተር የልብ ምቱን ወደ ነርሶች ክፍል የሚልከው ብዙ ጊዜ በኬብል ነው። ኬብሉ የሚሰካበት ቦታ ላይ ትንሽ አረንጓዴ መብራት አለች። በርታ ስናያት «ደህና ነው» ብለን እናልፋለን። እሷ ግን የምትለው ሁለቱ ጫፎች መገናኘታቸውን ብቻ ነው።

ምሳሌዬ የዚሁ የኦስሎ ልጅ ነው። ኤነርጂ ማይክሮ በ2007 (በፈረንጅ አቆጣጠር) እዚህ ተመሥርቶ «ጌኮ» የተባሉ ኃይል ቆጣቢ ማይክሮኮንትሮለሮችን ሠራ፤ በአንድ ቺፕ ላይ ያለ ሙሉ ትንሽ ኮምፒውተር ማለት ነው። በ2013 የአሜሪካው ሲሊከን ላብስ ገዛው። ከዚያ በኋላ የወጣው ጃያንት ጌኮ 11 የኢተርኔት መቆጣጠሪያ በውስጡ አለው፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 10 ወይም 100 ሜጋቢት ነው።

መቆጣጠሪያው መረጃውን ፍሬም በሚባል ጥቅል ያሽጋል፣ የላኪና የተቀባይ አድራሻ ይጽፍበታል፣ መጨረሻው ላይ 32 ቢት የማረጋገጫ ቁጥር ያክላል። ኬብሉ ላይ የሚናገረው ግን ፋይ የሚባል ሌላ ቺፕ ነው። ሁለቱ በኤምአይአይ ከተገናኙ መረጃው በየአቅጣጫው በ4 መስመር በ25 ሜጋኸርዝ ይሄዳል፤ በአርኤምአይአይ ከሆነ በ2 መስመር በ50 ሜጋኸርዝ። ፍጥነቱ ያው ነው፣ የቺፑ እግሮች ግን ይቆጠባሉ።

የደረሰው ፍሬም ቁጥሩ ካልገጠመ መቆጣጠሪያው ዝም ብሎ ይጥለዋል። ለላኪው አይነግረውም! እንደገና ማስላክ እንደ ቲሲፒ ያለ ከላይ ያለ ሶፍትዌር ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ግማሽ ዱፕሌክስ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ሬዲዮ ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል፣ ከተጋጩ ሁለቱም አቁመው ትንሽ ጠብቀው ይሞክራሉ። ሙሉ ዱፕሌክስ የእናቴና የአክስቴ ስልክ ነው፤ ሁለቱም እኩል ያወራሉ፣ ሁለቱም ይሰማማሉ። ችግሩ የሚመጣው አንዱ ጫፍ በእጅ «ሙሉ» ተብሎ ተስተካክሎ ሌላው በራሱ እንዲመርጥ ሲተው ነው። የሚደራደረው ያጣው ጫፍ ግማሽ ዱፕሌክስን ይይዛል። መብራቷ ትበራለች፣ ትንሽ መልእክትም ያልፋል፤ ስለዚህ የሞከረው ሰው ረክቶ ይሄዳል። የልብ ምት መስመሩ ያለማቋረጥ መፍሰስ ሲጀምር ግን ግማሹ «ግጭት» ብሎ በመሃል ያቋርጣል፣ ሙሉው ተቆርጦ የደረሰውን ፍሬም ይጥላል። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ይቆራረጣል፤ ማንቂያውም ሊዘገይ ይችላል።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። በሉፕባክ መቆጣጠሪያው የላከውን ራሱ መልሶ ይቀበላል፤ ለሙከራ ነው። በፕሮሚስኪዩየስ ለእሱ ያልተጻፈውንም ፍሬም ሁሉ ይቀበላል፤ የታካሚ ምስጢር ላለበት ቦታ እኔ በበኩሌ ያለ በቂ ምክንያት ባይከፈት እመርጣለሁ። ኃይል ቆጣቢው ዘዴ መረጃ በሌለበት ጊዜ መስመሩን ያሳርፋል። 1588 የሚባለው ደረጃ ደግሞ ፍሬሙ የደረሰበትን ሰዓት በትክክል ይመዘግባል፤ የልብ ምቱ ነው ወይስ ኦክስጅኑ ቀድሞ የወረደው የሚለውን ከሁለት መሣሪያ ለማነጻጸር የሁለቱ ሰዓት መግጠም አለበት።

ስለዚህ መብራቱ በርቶ መስመሩ ከተቆራረጠ፣ ታካሚውን ካያችሁ በኋላ፣ ለቴክኒሺያኑ አንድ ጥያቄ አቅርቡለት፦ «ሁለቱም ጫፎች በአንድ ዓይነት ዱፕሌክስ ናቸው ወይ?» የተበላሹ ፍሬሞችንና ዘግይተው የመጡ ግጭቶችን የሚቆጥሩ ቆጣሪዎች ብዙ ጊዜ እዚያው መቆጣጠሪያው ውስጥ አሉ።