ለነገ የማያድር ምስጋና

«እንዴት አደራችሁ?»
«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»
«ልጆቹስ?»
«ደህና ናቸው፣ ተመስገን።»
«ሥራስ?»
«ጌታ ይመስገን፣ ምን ይላል።»

ውድ አንባቢ፣ በአገራችን ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ አምላኩን ሦስት አራት ጊዜ ያመሰግናል። መልካም ልማድ ነው፤ ሊናቅ አይገባውም። ነገር ግን አንድ ሰው መሀል ላይ አስቁሞ «ለመሆኑ ስለ የትኛው ነገር ነው ያመሰገንከው?» ቢለን ብዙዎቻችን የምንመልሰው ይጠፋናል።

በብሉይ ኪዳን ዘመን ምስጋና በአፍ ብቻ አያልፍም ነበር። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 7 የምስጋና መሥዋዕት ሥርዓት ተጽፏል። ሰውየው እንስሳውን ይዞ ይመጣል፤ ከእርሱም ጋር በዘይት የተለወሰና በዘይት የተቀባ ያልቦካ ቂጣ ያቀርባል፤ ይህም ሳያንስ የቦካ እንጀራ ይጨምርበታል። ስቡ በመሠዊያው ላይ ይቃጠላል፣ ድርሻው ለካህኑ ይሰጣል፣ የቀረውን ሥጋ አቅራቢው ከወገኖቹ ጋር ይበላል። እዚህ ላይ አንድ ትእዛዝ አለ። ስለ ስእለት ወይም በፈቃድ የቀረበ መሥዋዕት ሥጋው እስከ ማግስቱ ሊቆይ ይችላል። የምስጋናው ግን በዚያው ቀን ማለቅ አለበት፤ እስከ ጠዋት ማሳደር ክልክል ነው።

ለምን ይሆን? ምዕራፉ ምክንያቱን አይነግረንም። ይሁን እንጂ በዓል ሲመጣ በግ አርዶ የሚያውቅ ቤተሰብ ነገሩን ለመገመት አይቸገርም። ባልና ሚስት ከሦስት ልጆች ጋር ሆነው አንድ ሙሉ በግ ከነእንጀራው በአንድ ቀን ሊጨርሱ አይችሉም (በሬ ከሆነማ አይነሣ!)። ስለዚህ ጎረቤት ይጠራል፣ ዘመድ ይጠራል፣ ድኻው ይጠራል። የተጠራ ሰው ደግሞ «ምን ተገኘ? ምን ተደረገላችሁ?» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ አባወራው ከሕመሙ እንዴት እንደ ዳነ፣ ከመንገድ እንዴት በሰላም እንደ ተመለሰ ቁጭ ብሎ ይተርካል። ምስጋናው ምክንያቱ የታወቀ፣ በዕለቱ የሚነገር፣ ሌላውም የሚካፈለው ነበር።

ባለ ትዳሮች ሆይ፣ ይህ ነገር ወደ ቤታችን ሲገባ ምን ይመስላል? በምስክርነት ሰዓት ማይክራፎን ጨብጦ «ጌታ መልካም ሚስት ስለ ሰጠኝ አመሰግነዋለሁ» የሚል ወንድም ብዙ ነው። ጉባኤው እልል ይላል፤ እርሷም ከኋላ ወንበር ሆና ትሰማለች። ቤት ሲገቡ ግን ጨው ካላነሰው በቀር ስለ ራቱ አንዳች አይባልም። እኅቶችም ከዚህ አያመልጡም። ባል ወር ሙሉ ደክሞ ያመጣው ደመወዝ ያልደረሰበት ቦታ በየቀኑ ይነሣል፤ የሸፈነው ነገር ግን ሲወሳ አይሰማም። በጎ ስጦታ ሁሉ ከላይ መሆኑን እናምናለን (ያዕ. 1፥17)፤ ታዲያ ስጦታውን እያጣጣሉ ሰጪውን ማመስገን እንዴት ይሆናል?

«ኧረ ታውቀዋለች» የሚል መልስ አለ። ከዐሥሩ ለምጻሞች ዘጠኙስ በልባቸው አላመሰገኑም ብሎ ማን ይፈርዳል? ጌታ ኢየሱስ የጠየቀው ግን ስላልተመለሱት ነው (ሉቃ. 17)።

«በእኔ ቤት ሥራ የለም፤ ልጅም ታሟል፤ ምኑን ላመስግን?» የምትሉም ትኖራላችሁ። ለዚህ ችኩል መልስ አይሰጥም። ለቅሶ ቤት ገብቶ የቀበረበት አፈር ገና ያልደረቀለትን ሰው «አመስግን እንጂ!» ብሎ መገሠጽ መንፈሳዊነት አይደለም። ከሚያለቅሱ ጋር እንድናለቅስ ታዘናል (ሮሜ 12፥15)። መዝሙር 88 እንኳ የሚያበቃው በጨለማ ነው። ጳውሎስም በሁሉ ውስጥ ሆነን እንድናመሰግን መከረ (1ተሰ. 5፥18)፤ ክፉውን መልካም ብለን እንድንጠራው ግን አልጠየቀንም።

ጀርመናዊው መጋቢ ማርቲን ሪንካርት በዚህ ውስጥ ያለፈ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1618 እስከ 1648 በዘለቀው ጦርነት ዘመን አይለንቡርግ በምትባል ባለ ቅጥር ከተማ ያገለግል ነበር። ከጦርነቱ የሸሸ ሕዝብ ወደ ከተማዋ ጎረፈ፤ ወረርሽኝ ገባ፤ ረሃብም ተከተለ። በ1637 ሪንካርት ከ4,000 በላይ ሰዎችን ቀበረ። ከእነርሱ አንዷ የገዛ ሚስቱ ነበረች። «አሁን ሁላችን እግዚአብሔርን እናመስግን» የተባለው፣ ዛሬም በብዙ አገሮች አብያተ ክርስቲያናት የሚዘመረው መዝሙር የዚህ ሰው ነው። መዝሙሩ በመጀመሪያ የተጻፈው ለትልቅ ጉባኤ አልነበረም፤ በቤተሰብ ማዕድ ዙሪያ ለሚጸለይ አጭር ጸሎት ነበር።

እኛም ከማዕድ እንጀምር። ዛሬ ማታ ራት ሲቀርብ፣ ከጸሎቱ በፊት እያንዳንዱ ዛሬ የተደረገለትን አንድ ነገር ይናገር። «ስለ ሁሉም ነገር» የሚል መልስ አይፈቀድ። ውኃ መጣ፣ ታክሲ ቶሎ ተገኘ፣ የልጁ ትኩሳት ለቀቀው፤ ይበቃል። ባልና ሚስት እርስ በርስ የሚባባሉት ካለ እዚያው በልጆቹ ፊት ይባል። ትንሹ ልጅ «ድንች ወጥ ስለ ተሠራ» ቢል አትሳቁበት፤ ሥርዓቱ ከሁላችሁ ቀድሞ ለእርሱ ገብቶታል። ቀኑ የከበደበት ሰው ካለ ዝም ይበል፤ ሌሎቹ ስለ እርሱ አንድ አንድ ነገር ያመስግኑለት።