የአልጋው ሒሳብ

ይቺ በመካከላችን ትቅርና፣ ቴክሳስ እስረኛዋን በሰው አትቆጥርም፤ በአልጋ ነው። በጀት የሚሠሩት ሰዎች የሚጠያየቁት «ስንት ሰው ታሰረ?» ብለው ሳይሆን «ስንት አልጋ ጎደለን?» ብለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ ላይ የወጣው ትንበያ፣ እስከ 2012 ድረስ 17,000 ያህል አዲስ አልጋ ይፈለጋል አለ። ዋጋው ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር።

የግዛቲቱ ምክር ቤት ከዚያ በኋላ ያደረገውን ከውጭ ላየው፣ ድንገት የራራ ይመስላል። የምን መራራት! አፈ ጉባኤው ቶም ክራዲክ የማረሚያ ኮሚቴውን ለጄሪ ማደን ሲያስረክቡ ያሏቸው ነገር አጭር ነበር፦ አዲስ እስር ቤት እንዳትሠራ፣ ውድ ነው። ማደን ሪፐብሊካን ናቸው፤ በሙያቸው ደግሞ መሐንዲስ። ከሂዩስተኑ ዲሞክራት ሴናተር ጆን ዊትማየር ጋር ተጣመሩና ቁጥር አዋቂውን ቶኒ ፋቤሎን ጠሩ። (ፋቤሎ ይመሩት የነበረውን መሥሪያ ቤት ገዥው ሪክ ፔሪ በ2003 በጀቱን ሰርዘው ዘግተውት ነበር። ሰውየው ሠንጠረዣቸውን ይዘው በሌላ በር ተመለሱ።)

ሠንጠረዡ ያሳየው ምንድን ነው? በገደብ የተለቀቀው ሰው የሚመለሰው ሁልጊዜ አዲስ ወንጀል ሠርቶ አይደለም፤ አንዳንዴ ከቀጠሮ ቀርቶ ወይም በሽንት ምርመራ ወድቆ ነው። ከዚህ የባሰም አለ። የአመክሮ ቦርዱ «ይውጣ፣ ግን መጀመሪያ የሱስ ሕክምናውን ይጨርስ» ይላል። ሕክምናው ወረፋ አለው። እንዲወጣ የተፈቀደለት ሰው ታስሮ ተራውን ይጠብቃል፤ አልጋው በግዛቲቱ ወጪ እንደተነጠፈ ነው።

ስለዚህ 241 ሚሊዮን ዶላር ለሕክምናና ለአጭር ጊዜ ማቆያዎች ተመደበ። «ካስፈለገ» ተብሎ ለ3 አዳዲስ እስር ቤቶችም ፈቃድ ገባ፤ ይሄ ወንጀለኛ ላይ ላላ መባልን ለሚፈሩት እንደራሴዎች መከለያ ነበር። አንዱም አልተሠራም። እንዲያውም በ2011 ሹገር ላንድ ያለው ሴንትራል የተባለው እስር ቤት ተዘጋ፤ በቴክሳስ ታሪክ የመጀመሪያው። በዚያ ዓመት ግዛቲቱ የበጀት ጉድለት አንቆ ይዟት ነበር፤ መሬቱም አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ የተቀመጠ፣ ዓይን የሚጥሉበት መሬት ነበር።

ይህ ድልድል በምክር ቤቱ ያለብዙ ጩኸት ያለፈበትን ምክንያት ግን ብዙ ሰው አይናገረውም። የቅጣቱን ርዝመት አልነኩም። ዐቃቤ ሕጉም ዳኛውም የሚመረጡት በካውንቲ ነው፤ የእስር ቤቱን ሒሳብ የሚከፍለው ግን ኦስቲን ያለው የግዛቲቱ መንግሥት ነው። አንዱ 20 ዓመት ሲጠይቅ፣ ሌላው ሲፈርድ፣ ከካውንቲያቸው ካዝና ሳንቲም አይወጣም። ያንን ቋጠሮ ለመፍታት የደፈረ አልነበረም፤ ማደንም፣ ዊትማየርም።