በመተማ ቆላ ስለ ቴሌቪዥንና ስለ ኪራይ ፊልም

እንግዳ ወደ ቤት በመጣ ጊዜ እግሩን አጥቦ፥ አብልቶና አጠጥቶ፥ ከዚያ በኋላ ከወዴት እንደ መጣና እስከ መቼ እንደሚቆይ መጠየቅ የአባቶቻችን ልማድ ነው። ነገር ግን በየምሽቱ ሳይጠየቅ የሚገባ፥ ሲገባም ማንም «ደኅና አመሸህ» የማይለው፥ ከሽማግሌው ቀድሞ የሚናገርና «በቃኝ» ብሎ የማይነሣ አንድ እንግዳ በየቤታችን ተቀምጧል። እርሱም ቴሌቪዥን ነው። ስለዚህ እንግዳ አገባብና አወጣጥ ጥቂት ነገር ለክቡራን አንባብያን ለማቅረብ እንወዳለን።

ይህ ነገር በአገሩ ሁሉ ያለ ቢሆንም በመተማ ጎልቶ ይታያል። መተማ ዮሐንስ የድንበር ከተማ ናት። ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ፥ በአይከልና በገንዳ ውሃ አልፎ ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ በርስዋ ይፈጸማል፤ ከድልድዩ ማዶ ያለችው የሱዳኗ ገላባት ናት። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቈስለው ያረፉት በዚሁ ስፍራ ነው።

በዚህች ከተማ በየጣራው ላይ የተተከለውን የሳተላይት ሳህን ያስተዋለ ሰው፥ ደጁን ሳያንኳኳ የቤቱን ወሬ ሊያውቅ ይችላል። የዐረብኛ ጣቢያዎች በብዛት የሚገኙበት ናይልሳት በ7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች የተሰበሰቡበት ኢትዮሳት ግን በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። መተማ በ36 ዲግሪ ምሥራቅ አጠገብ ስለ ሆነች በሁለቱ መካከል ትገኛለች። እንግዲህ ሳህኑ ወደ ሱዳን በኩል ያዘነበለ እንደ ሆነ ቤቱ ዐረብኛ ይሰማል፤ ወደ ጎንደር ደጋ የዞረ እንደ ሆነ አማርኛ ይሰማል። ገንዘብ የተረፈው ሁለቱንም ይተክላል።

አንዳንድ ሰዎች ወደ ምዕራብ የዞረውን ሳህን ይነቅፋሉ። እኛ ግን ነቀፋቸውን አንቀበልም። የድንበር ልጅ የጎረቤቱን ቋንቋ ማወቁ በገበያም በሰላምም ይጠቅመዋል። በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ እጅግ ብዙ ስደተኞች በዚያች ድልድይ ተሻግረው ወደ መተማ ገብተዋል። ልጅዋን አዝላ ለመጣች እናት «ውሃ ይኸውልሽ» ብሎ በቋንቋዋ መናገር የሚችል ልጅ፥ ቋንቋውን ከገበያም ይማረው ከቴሌቪዥን፥ መልካም ነገር ተምሯል። ስለዚህ ነገሩ ያለው በሳህኑ አዟዟር አይደለም፤ ሳህኑን የሚያዞረው ማን ነው በሚለው ጥያቄ ላይ ነው።

የዚህን እንግዳ ትውልድ ጥቂት እንናገር። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ወደ አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ ደንግጦ የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» አለው። ቴሌቪዥንም በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን ጀመረ። በዚያው ዓመት ለሕዝብ የታየው የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም አርእስቱ «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» የሚል ነበር። ነገር ግን ይህ ሁሉ ለቆላው ሩቅ ነበረ። የመተማና የአካባቢዋ ሰው ፊልምን በሚገባ ያወቀው የካሴት ማጫወቻው ዴክ፥ ቪዲዮ ቤቱና የኪራይ ካሴቱ ከመጡ በኋላ ነው።

የኪራዩ ሥርዓት እንዲህ ነበረ። ባለሱቁ ካሴቶቹን በመደርደሪያ ላይ ቁጥር ሰጥቶ ይደረድራል፤ ተከራዩ መታወቂያውን ወይም መያዣ ገንዘብ ያስቀምጣል፤ ስሙና የካሴቱ ቁጥር በደብተር ይጻፋል፤ ካሴቱም በማግሥቱ ይመለሳል። ዴክ የሌለው ሰው ለበዓልና ለሠርግ ማጫወቻውን ከነቴሌቪዥኑ ተከራይቶ በጋሪ ያስመጣል። በዚያን ቀን ሣጥኑ በግቢው መካከል በጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ጎረቤቱም በርጩማውን ይዞ ይመጣል።

የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ አንዱን የበዓል ምሽት አይረሳውም። ግቢያችን በሁለት ካሴት የተከፈለ አንድ የህንድ ፊልም ተከራይቶ ነበር። የመጀመሪያው ካሴት አልቆ፥ ሁለቱ ወንድማማቾች ሳይተዋወቁ ሊዋጉ ሲቃረቡ፥ ሁለተኛው ካሴት ቢከፈት ፈጽሞ ሌላ ፊልም ሆኖ ተገኘ። ባለሱቁ በስሕተት አቀያይሮታል፤ ሱቁም ተዘግቷል። ሰው ግን አልተበተነም። አንዱ «ወንድሙን ይገድለዋል» አለ፤ ሌላው «እናታቸው መካከል ትገባለች» አለ። ከሁሉ በኋላ አንዲት ባልቴት፥ «ልጆቼ፥ በአንገቱ ያለውን ክታብ አይቶ ያውቀዋል እንጂ እንዴት ደም ይፈሳል?» ብለው ፈረዱ። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ቆየ። ከብዙ ዓመት በኋላ ያንኑ ፊልም በእጅ ስልክ ላይ ብቻዬን ፈጽሜ አየሁት። እውነተኛው ፍጻሜ ምን እንደ ነበረ ዛሬ ረስቼዋለሁ፤ የባልቴቲቱን ፍርድ ግን አልረሳሁም።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። የኪራይ ፊልም አራት ጠባይ ነበረው። ተመርጦ ይገባል፤ በማኅበር ይታያል፤ ፍጻሜ አለው፤ ካለቀ በኋላም ይነጋገሩበታል። እነዚህን አራት ነገሮች የሰጠን ጥበባችን ሳይሆን ድህነታችን ነበረ። ዴኩ አንድ ስለ ሆነ ተሰበሰብን፤ ኪራዩ ስለሚቈጠር መረጥን፤ ካሴቱ ስለሚመለስ ጨረስን። ዛሬ እጃችን ቢሰፋ አራቱንም በአንድነት ጣልናቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለው ማለት ነው።

ይህን ስንል የኪራዩ ዘመን ነውር አልነበረበትም ማለታችን አይደለም። ካሴቱ ብዙ ጊዜ የተሰረቀ ግልባጭ ነበረ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን ለሕዝብ መሸጥንም ማከራየትንም የደራሲው መብት አድርጎ ደንግጓል። ዛሬ በየሱቁ ፊልም በሚሞሪ ካርድ ላይ የሚያስጭን ሰው ሁሉ ይህን ቢያስብ መልካም ነው። የአገራችን ፊልም ሠሪ ድካሙን በነጻ እየወሰድን «የአማርኛ ፊልም ለምን አያምርም?» ማለታችን የማይገባ ነው።

ስለ ቴሌቪዥኑ ትርኢት ደግሞ አሳባችንን በግልጽ እንናገር። «ሰው ለሰው» የተባለው ድራማ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በሳምንት አንድ ጊዜ ይታይ በነበረበት ጊዜ፥ ቤተ ሰብ ሁሉ በቀረው ጊዜ ሲመክርበትና ሲገምት ይሰነብት ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቃና የተባለው ጣቢያ በተከፈተ ጊዜ ግን እንደ «ጥቁር ፍቅር» ያሉ የቱርክ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ እየተተረጐሙ ገቡ። የአገር ውስጥ የጥበብ ሰዎች ሥራችንን ያጠፋል፥ ባህላችንንም ይጎዳል ብለው ተቃወሙ። በእኛ አስተያየት የትርጉሙ ሥራ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ፊደል ያልቈጠሩ እናቶች የሌላውን አገር ታሪክ ያለ አስተርጓሚ አይተዋልና። ጉዳቱ ሌላ ነው። ዛሬ የታየው ሳይመከርበት የነገው ይደርሳል፤ የምሽቱም ሥራ ጸሎትም ሆነ ጥናት ወደ ኋላ ይቀራል። ከሁሉ ይልቅ በእጅ ስልክ የሚታየው አጭር ሥዕል ይከፋል፤ ሦስት ልጆች በአንድ አልጋ ላይ ተቀምጠው ሦስት ልዩ ልዩ ነገር ያያሉ፤ የሚነጋገሩበትም የጋራ ነገር የላቸውም።

በቆላው ደግሞ ጉዳዩ የሚጠናበት ምክንያት አለ። በክረምት በአረም ጊዜ፥ እንደገናም ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ በሰሊጥ ዐጨዳ ጊዜ፥ አባቶች ብዙዎቹ በእርሻ ቦታ ይሰነብታሉ፤ እናቶችም በገበያ ይውላሉ። በዚያን ወራት የልጁ ሞግዚት ቴሌቪዥን ይሆናል። ሞግዚት መቅጠር ነውር አይደለም፤ ጠባዩን ሳይመረምሩ መቅጠር ግን ነውር ነው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ የቤት ጌታና እመቤት የሚከተለውን ምክር እናቀርባለን።

አንደኛ፥ የኪራይ ሱቁ ቢጠፋም የኪራዩ ልማድ አይጥፋ። በሳምንት አንድ ምሽት ቤተ ሰቡ አንድ ፊልም መርጦ በአንድነት ይይ፤ ምርጫውም በተራ ይሁን፤ ለልጅም ተራ ይድረሰው።

ሁለተኛ፥ ፊልሙ ሲያልቅ ሣጥኑ ይዘጋ። ከዚያም ታናሹ ልጅ መጀመሪያ ይጠየቅ፤ ማን ደግ ሠራ? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? ታላቅ አስቀድሞ ከተናገረ ታናሽ የራሱን አሳብ አያወጣምና።

ሦስተኛ፥ አባት በእርሻ ቢሰነብት እንኳ፥ መስመሩ በሚሠራበት ቀን ደውሎ «ምን አያችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ልጅ ነገ እንደሚጠየቅ ካወቀ ዛሬ አስተውሎ ያያል።

አራተኛ፥ በሙቀቱ ምክንያት ሣጥኑን ወደ ግቢ አውጥቶ ማየት የቆላው ልማድ ነው። ነገር ግን ንዳድ የምታመጣው ትንኝና ካላዛር የምታመጣው የአሸዋ ዝንብ የሚነክሱት ከምሽት ጀምሮ ነው። ስለዚህ ልጆች እጅና እግራቸውን የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ፤ የተኛውም ልጅ ወዲያው ወደ አጎበሩ ይግባ እንጂ በምንጣፍ ላይ አይደር።

በመንግሥት ሥራ ላይ ላሉ አንባብያን ደግሞ አንድ ቃል እንጨምራለን። በወረዳ ከተሞች ባሉ ቤተ መጻሕፍት ከመጻሕፍቱ አጠገብ የአገራችን ፊልሞች በሕጋዊ መንገድ ተገዝተው ቢቀመጡና በደብተር እየተጻፉ ቢሰጡ፥ ልጅም ይጠቀማል፤ ደራሲም የድካሙን ዋጋ ያገኛል።

«ከአያያዝ ይቀደዳል፥ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይባላል። ቴሌቪዥኑም እንደ አያያዙ ነው። የመጀመሪያው ፊልማችን የአንዲት ልጅን አባት ጠየቀ፤ እኛም ሳህኑ ወደ ምዕራብም ይዙር ወደ ምሥራቅ፥ የዚህ ምሽት አባት ማን ነው ብለን እንጠይቅ። መልሱ «ሣጥኑ ነው» እንዳይሆን፥ ዛሬ ማታ በርጩማችንን ከልጆቻችን አጠገብ እናድርግ።