ስታርሊንግ፦ አድምጣ የምታድን መርከብ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብሪታንያ ስንዴውም ነዳጁም የሚደርስላት በአትላንቲክ ውቅያኖስ በኩል ነበር። የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ደግሞ ጭነት የያዙትን መርከቦች እየጠበቁ ያሰምጡ ነበር። ስለዚህ የንግድ መርከቦች በቡድን፣ በጦር መርከብ ታጅበው ይጓዙ ጀመር። ከአጃቢዎቹ መካከል ስሉፕ የሚባሉት ይገኙበታል። ፍጥነታቸው በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለነበረ ከትልልቆቹ የጦር መርከቦች ጋር አይወዳደሩም ነበር፤ ሥራቸው ግን ሩጫ አልነበረም።

ከስሉፖቹ አንዷ የሆነችው ስታርሊንግ በግላስጎው፣ ጎቫን ተሠርታ በ1943 (እ.ኤ.አ.) ሚያዝያ ሥራ ጀመረች። ርዝመቷ 91 ሜትር ገደማ ሲሆን አዛዧ ካፒቴን ፍሬድሪክ ጆን ዎከር ነበር። የሚመራው ቡድን ከአንድ አጀብ ጋር የታሰረ አልነበረም። ሌላው አጃቢ ሰርጓጁን አባርሮ ወደ ንግድ መርከቦቹ መመለስ ሲኖርበት፣ የዎከር ቡድን ግን እስኪያሰምጠው ድረስ ለሰዓታት መቆየት ይችል ነበር። ለእኔ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው።

መርከቦቹ ጠላትን የሚያገኙት አስዲክ በሚባል መሣሪያ ነበር፤ ድምፅ ወደ ውኃው ይልካል፣ ሰርጓጁን ነክቶ ሲመለስ ይሰማል። ችግሩ አጥቂዋ መርከብ በጣም ስትቀርብ፣ በተለይ ሰርጓጁ ጠልቆ ከሆነ፣ ድምፁ ከበላዩ ያልፍና ይጠፋባታል። በሰርጓጁ ላይ የሚጣለው ቦምብም ወደ ታች እስኪወርድ ጊዜ ይወስዳል። የጀርመኑ አዛዥ የመርከቧን ሞተር ሲሰማ በዚያች ክፍተት አቅጣጫ ቀይሮ ያመልጣል።

ዎከር ሥራውን ለሁለት መርከቦች አካፈለው። አንዷ ከኋላ ርቃ፣ ሰርጓጁን በአስዲክ ሳትለቅ ትከታተላለች። ሌላዋ አስዲኳን ዘግታ፣ በጣም ቀስ ብላ ከበላዩ ትመጣለች፤ የት እንደምትሄድና መቼ ቦምብ እንደምትጥል ከኋላ ያለችው ትነግራታለች። ከታች ያለው ሰው አደጋውን የሚያውቀው ቦምቦቹ ሲፈነዱ ነው።

በ1944 ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት 19 ድረስ ቡድኑ በአንድ ጉዞ 6 ሰርጓጆች አሰመጠ። የመጨረሻው ዩ-264 ወደ ላይ ለመውጣት ሲገደድ መርከበኞቹ በሙሉ በሕይወት ተረፉ። ከቡድኑ ግን ዉድፔከር በቶርፒዶ ተመታ፣ እየተጎተተች ሳለ ሰመጠች።

ዎከር ራሱ የሰርጓጅ መርከበኛ አባት ነበር። ልጁ ቲሞቲ የብሪታንያ ሰርጓጅ በሆነችው ፓርቲያን ላይ ሳለ በ1943 ነሐሴ ሜዲትራኒያን ውስጥ ከነመርከቧ ጠፋ። አባትየውም ዕረፍት ሳያይ ሲሠራ ቆይቶ፣ የኖርማንዲን ወረራ መርከቦች ከጠበቀ በኋላ በ1944 ሐምሌ 9፣ በ48 ዓመቱ አረፈ።

ስታርሊንግ ግን ከጦርነቱ ተረፈች። ከዚያ በኋላ ወጣት መኮንኖች የባሕር ጉዞ አቅጣጫ አያያዝ የሚማሩባት መርከብ ሆና ለዓመታት አገለገለች፤ በ1965 ተሸጣ ብረቷ ተፈታ።