ስለ ማመስኳትና ስለ ማሰላሰል

ልጆች ሆይ፥ ከብት ጠብቃችሁ የምታውቁ ኹሉ ይህን አይታችኋል። ላሚቱ ከጧት ዠምራ ሳር ስትግጥ ትቈይና ፀሓይ ሲበረታ ወደ ጥላ ሄዳ ትተኛለች። በፊትዋ ምንም ሳር ሳይኖር አፍዋ ግን ይንቀሳቀሳል፤ ዐይንዋን ከደን አድርጋ፥ መንጋጋዋን ወዲያና ወዲህ እያመላለሰች ታላምጣለች። ጥቂት ቈይታ ትውጣለች፤ ወዲያውም በአንገትዋ ውስጥ አንድ ነገር ወደ ላይ ሲወጣ ይታያል፤ እንደ ገናም ማላመጥ ትዠምራለች። ይህ ማመስኳት ይባላል፤ ብዙ ሰውም ማመንዠክ ይለዋል።

እንግሊዞች ይህን ሥራ «ሩሚኔት» በሚል ቃል ይጠሩታል። ነገር ግን ቃሉ ለላም ብቻ የተሰጠ አይደለም። ሰው አንድን ነገር በልቡ ይዞ፥ ሳይቸኵል፥ ዝም ብሎ ደጋግሞ ሲያስበው፥ ስለ እርሱም በዚሁ ቃል ይናገራሉ። እኛ አሰላሰለ የምንለውን እነርሱ አመሰኳ አሉት ማለት ነው።

ቃሉ የመጣው ከላቲን ነው። በላቲን «ሩሜን» ማለት ጕሮሮ ነው፤ ደግሞም የሚያመሰኳ እንስሳ የመዠመሪያው ሆድ በዚሁ ስም ይጠራል። ከእርሱም «ሩሚናሬ»፥ ማመስኳት፥ የሚለው ቃል ወጣ። ሮማውያን ራሳቸው ይህን ቃል ለአሳብም ይናገሩበት ነበርና፥ እንግሊዞች በኤውሮጳ አቈጣጠር በ16ኛው መቶ ዓመት ቃሉን ሲወስዱ ኹለቱን ትርጓሜ ባንድነት ወሰዱ።

ምሳሌው በከንቱ እንዳልተመረጠ የላምን ሆድ የተመለከተ ያውቃል። ሳር ጠንካራ ምግብ ነው፤ አንድ ጊዜ ቢያላምጡት አይደቅም። ስለዚህ ላም ስትግጥ ቸኵላ፥ ደኅና አድርጋ ሳታላምጥ ትውጣለች። ሆድዋ 4 ክፍል አለው። የመዠመሪያው ክፍል ከኹሉ ይበልጣል፤ በትልቅ ላም ከ100 ሊትር በላይ ይይዛል። በዚያ ውስጥ በዐይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ፍጥረቶች አሉ፤ እነርሱም ሳሩን ያለሰልሱታል፥ ያፈርሱታል። ከዚያ በኋላ ሳሩ በጕርሻ በጕርሻ ወደ አፍ ይመለስና እንደ ገና ይላመጣል። በቀንና በሌሊት ለዚህ የምታውለው ጊዜ ቢደመር እስከ 8 ሰዓት ይደርሳል። እረኞች ይህን ስለሚያውቁ፥ ላም ማመስኳት ስትተው ታማለች ብለው ይሠጋሉ።

የደቀቀው ወደ ቀሩት ክፍሎች ያልፋል። ሦስተኛው ክፍል ሽንፍላ ነው፤ እናቶቻችሁ ሲያጥቡት እንዳያችሁት፥ እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተደራርቦ የተሠራ ነው። ሊቃውንት ይህን ክፍል በላቲን «ፕሳልቴሪዩም» ብለው ሰይመውታል፤ ይኸውም መዝሙረ ዳዊት ማለት ነው፤ ቅጠሉ ሲገለጥ የዳዊት መጽሐፍ ቢመስላቸው ነው። እንግዴህ ላም ዳዊትዋን በሆድዋ ይዛ ትዞራለች! እኔ በልጅነቴ ዳዊትን አንድ ፊደል ሳልስት እደግም ነበር። አንድ ቀን ግን አንድ ሽማግሌ እንግዳ ቆመው ከሰሙኝ በኋላ፥ «ልጄ፥ አኹን የደገምኸው ምን ይላል?» ቢሉኝ የምመልሰው አጣኹ። ሳሩ ገብቶ ነበር፤ ማመስኳቱ ግን ገና ነበረ።

ስለዚህ ነገር በእንግሊዝ አገር አንድ የቈየ ታሪክ አለ። ቤዳ የሚባል መነኵሴ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ731 ዓ.ም. በፈጸመው የእንግሊዝ ሕዝብ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ ጽፎታል። ሂልዳ እመ ምኔት በነበረችበት ገዳም፥ በዊትቢ፥ ኬድሞን የሚባል ሰው ነበረ። የመጽሐፍ ትምህርት አልነበረውም፤ ዕድሜው እስኪገፋ ድረስም ዜማ አልተማረም። ሰዎች በማዕድ ተቀምጠው በገናውን በየተራ ሲቀባበሉ፥ ተራው ወደ እርሱ ሲቀርብ ተነሥቶ ይወጣ ነበር። አንድ ሌሊት እንዲህ ወጥቶ፥ ከብት የመጠበቅ ተራው ነበርና በበረት ተኛ። በሕልሙም አንድ ሰው ቆሞ ስለ ፍጥረት መዠመሪያ እንዲዘምር አዘዘው፤ እርሱም አልችልም ቢል እንደ ገና ታዘዘ፥ ዘመረም። ሲነቃ የዘመረውን አልረሳውም።

ከዚያ ወዲህ የገዳሙ መምህራን የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ እየነገሩት፥ እርሱ በጆሮው የሰማውን በልቡ ይዞ ይሄድና ያማረ መዝሙር አድርጎ ይመልሰው ነበር። ቤዳ ይህን ሥራውን ንጹሕ እንስሳ ከሚያመሰኳው ጋራ አመሳሰለው። ንጹሕ እንስሳ ማለቱ፥ በሙሴ ሕግ ሰኰናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ እንስሳ ንጹሕ ስለ ተባለ ነው። ላም ጠባቂን በላም መመሰሉም ደስ ያሰኛል። ዛሬ ከኬድሞን መዝሙር የቀረልን 9 መስመር ብቻ ነው።

በአገራችን የቅኔ ትምህርት ቤት አጠገብ ላደገ ልጅ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ የሰማውን ይዞ ብቻውን ከዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ቃሉን እያወጣ እያወረደ ቅኔ ይቈጥራል። አላፊ አግዳሚው ሲያየው ሥራ ፈት ይመስለዋል።

ይህ የእንግሊዝ ቃል በዛሬ ዘመን ሌላ መልክም አለው። ሐኪሞች ለአሳብ ሕመም ይናገሩበታል፤ ይኸውም ሰው አንድ ኀዘን ወይም አንድ ስድብ ይዞ፥ ምንም መፍትሔ ሳያገኝለት ያንኑ ሲያመላልስ ነው። እኛ ሲብሰለሰል ዐደረ እንላለን። ጓደኛው የሰደበው ልጅ እንቅልፍ አጥቶ፥ «እንዲህ ብዬ በመለስኹለት ኖሮ» እያለ ሌሊቱን ይገላበጣል፤ ሲነጋም ስድቡ እንደ ትላንቱ ነው። በዚህ ላይ ቃሉ ላምን የበደላት ይመስለኛል። ላም ያንኑ ጕርሻ ሌሊቱን ኹሉ አታላምጥም፤ ሲደቅላት ትውጠዋለች፥ ሌላም ታነሣለች።