ከፕሮስቴት ኦፕራሲዮን በኋላ የደሙ ቁጥር ምን ይላል?

ባለፈው ሴሚስተር ከመኝታ ክፍል ጓደኞቻችን አንዱ ከቤተሰቡ በስልክ የተላከለትን የላቦራቶሪ ወረቀት አሳየን። አባቱ በፕሮስቴት ነቀርሳ (ካንሰር) ምክንያት ከስምንት ወር በፊት ኦፕራሲዮን ተደርገው ዕጢው በሙሉ ወጥቶላቸዋል። በወረቀቱ ላይ «ፒ.ኤስ.ኤ. 0.3» ተጽፎ፥ ከጎኑ «ጤናማው መጠን ከ0 እስከ 4» የሚል ታትሞበታል። እኛም ሒሳብ እናውቃለንና 0.3 ከ4 እጅግ እንደሚያንስ አይተን «እንኳን ደስ ያለህ» አልነው። አገር ቤትም በግ ታርዶ ነበር አሉ። ሐኪማቸው ግን አልተደሰቱም፤ ምርመራው እንዲደገም አዘዙ። በዚህ ምክንያት ጠይቀንና አንብበን የደረስንበትን ለማካፈል ወደድን፤ የሐኪም ወረቀት እያነበበ ለአባቱ የሚተረጉም ተማሪ ከመካከላችን ጥቂት አይደለምና።

ፒ.ኤስ.ኤ. የፕሮስቴት ዕጢ ሴሎች የሚሠሩት ፕሮቲን ነው። ዋናው ሥራው የዘርን ፈሳሽ ማቅጠን ሲሆን፥ ጥቂቱ ወደ ደም ሾልኮ ይገባል። የሚለካውም በናኖግራም፥ ይኸውም በግራም ቢሊዮንኛ፥ በየሚሊሊትሩ ነው። በነቀርሳ የተያዘ የፕሮስቴት ሴልም ይህንኑ ፕሮቲን መሥራቱን ብዙውን ጊዜ አይተውም፤ ከቦታው ወጥቶ አጥንት ውስጥ ቢሰፍር እንኳ ይሠራል። እንግዲህ በወረቀቱ ላይ የታተመው 4 ዕጢው በቦታው ላለ ሰው የተቀመጠ ድንበር ነው። ዕጢው በሙሉ ለወጣለት ሰው አይሠራም። የእኛም ስሕተት ይኸው ነበር።

ቁጥሩ በአንድ ቀን አይጠፋም። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ስቴሚና ባልደረቦቹ በ1987 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፥ ዕጢው ከወጣ በኋላ በደም ውስጥ የቀረው ፒ.ኤስ.ኤ. በ2.2 ቀን ገደማ በግማሽ እንደሚቀንስ አሳዩ። ከኦፕራሲዮን በፊት 8 የነበረ እንደ ሆነ 4፥ 2፥ 1 እያለ ይወርዳል፤ አሥር ጊዜ በግማሽ ሲከፈል ከ0.01 በታች ይሆናል። ይህም በሒሳብ 22 ቀን ያህል ነው። በአንዳንዱ ሰው ላይ ዘገም ስለሚል ሐኪሞች ለመጀመሪያው ምርመራ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፥ አንዳንዴም እስከ 3 ወር ይጠብቃሉ። በሁለተኛው ሳምንት ተጣድፎ መመርመር ራስን በከንቱ ማስደንገጥ ነው። ጊዜው ደርሶ ግን ከ0.1 በታች ካልወረደ፥ የቀረ ወይም ቀድሞ የተዛመተ ነገር መኖሩ ይጠረጠራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ነቀርሳ ሳይኖርባቸው ሽንት ስለ ከለከላቸው ብቻ የዕጢው ውስጠኛ ክፍል ተፍቆ የወጣላቸው ብዙ አባቶች አሉ። የእነርሱ ዕጢ ውጫዊ ክፍሉ ስለሚቀር ቁጥሩ ይቀንሳል እንጂ ወደ ዜሮ አይጠጋም። ስለዚህ «ፕሮስቴት ኦፕራሲዮን ተደርገዋል» ሲባል የትኛው እንደ ሆነ ሳይጠየቅ ወረቀቱን ማንበብ አይቻልም።

በሙሉ የወጣላቸው ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየ3 ወይም በየ6 ወሩ፥ ቀጥሎም እስከ አምስተኛው ዓመት በየ6 ወይም በየ12 ወሩ፥ ከዚያ በዓመት አንድ ጊዜ ይመረመራሉ። ቁጥሩ 0.2 ደርሶ ሁለተኛው ምርመራ ያንኑ ካጸና፥ በሽታው እንደ ተመለሰ ይቆጠራል። ሁለተኛው ምርመራ ያስፈለገበት ምክንያት አለው። መሣሪያ ከመሣሪያ ይለያያል፤ ስለዚህ በአንድ ላቦራቶሪ መመርመር ይመረጣል። ደግሞም ከጤናማው ሥጋ ጥቂት ቀርቶ ዝቅተኛና የማይንቀሳቀስ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ሐኪሙ አጥብቆ የሚመለከተው የመውጣቱን ፍጥነት ነው፤ በ3 ወር ከ0.2 ወደ 0.4 የወጣና በሁለት ዓመት የወጣ አንድ አይደሉም።

ቁጥሩ ወጣ ማለት ግን ሞት ደረሰ ማለት አይደለም። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ የተከታተሏቸውን 1,997 ሰዎች ታሪክ ሐኪሞቹ በ1999 (እ.ኤ.አ.) አሳትመዋል። ከእነርሱ ቁጥሩ ከተመለሰባቸው መካከል በጥናቱ የተቆጠሩት 304 ነበሩ፤ በእነዚህም ቁጥሩ ከወጣበት ጀምሮ በሽታው ወደ ሌላ አካል ተዛምቶ እስኪታይ መካከለኛው ጊዜ 8 ዓመት ሆኖ ተገኘ። ታዲያ ጊዜ አለ ተብሎ ዝም አይባልም፤ ዕጢው በነበረበት ስፍራ ላይ የሚሰጠው የጨረር ሕክምና ይበልጥ የሚሠራው ቁጥሩ ገና ዝቅ ብሎ ሳለ፥ በተለይ 0.5 ሳያልፍ ነው። ያን ጊዜ ሰውየው አንዳች ሕመም አይሰማውም፤ የሚናገረው ደሙ ብቻ ነው።

የጓደኛችን አባት የመጀመሪያው ወረቀት ተፈልጎ ከሣጥን ሥር ተገኘ፤ «ከ0.1 በታች» ይላል። ከስድስት ሳምንት በኋላ የተደገመው 0.4 ሆነ። ሐኪማቸው ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጠው ካዩ በኋላ ወደ ጨረር ላኳቸው፤ ይህን ስንጽፍ ተራቸው ደርሶ ሕክምናውን ጀምረዋል። ስለ በጉ ልጃቸው ቢጠይቃቸው «ለ0.3ም ቢሆን ተበልቷል፥ አይመለስ» አሉት።