ዊንዶውስ የተወው፣ ተጠቃሚው ያልተወው

የዊንዶውስ ስታርት ሜኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. ኦገስት 24 ቀን 1995 ለገበያ በቀረበው ዊንዶውስ 95 ላይ ነው (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከእሱ በፊት በነበረው ዊንዶውስ 3.1 አንድ ፕሮግራም ለማስጀመር መስኮት ውስጥ ሌላ መስኮት እየከፈቱ ምልክቱን መፈለግ ግድ ነበር። አንዱ መስኮት ሌላውን ሲሸፍነው ደግሞ ጀማሪው የተሸፈነው የጠፋ ይመስለዋል። የማይክሮሶፍት ባለሙያዎች ተራ ሰዎችን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው የት የት እንደሚቸገሩ ካዩ በኋላ መነሻውን ሁሉ በአንድ ቁልፍ ሥር ሰበሰቡት። በመጀመሪያዎቹ ንድፎች ላይ የቁልፉ ስም «ሲስተም» ነበር፤ «ስታርት» የተባለው በኋላ ነው። ከጎኑ የተዘረጋው ታስክባር የተከፈተውን ሁሉ ስሙን ጽፎ ስለሚያሳይ የተሸፈነ መስኮት የት ገባ ማለት ቀረ።

ይህ አሠራር ሲወደድ የኖረው ስላማረ አይደለም። ቦታውን ስላልለቀቀ ነው። ከዊንዶውስ 95 እስከ ዊንዶውስ 7 ድረስ መልኩ ብዙ ጊዜ ቢለወጥም ቁልፉ ከግራ ታችኛው ጥግ አልተነሳም። ኮምፒውተር የለመደ ሰው ማውሱን ወደዚያ ሲሰድ ዓይኑ አይከተለውም፣ እጁ ራሱ ያውቀዋል። በአንድ ስርዓተ ክወና ላይ ተጠቃሚዎች በጣም የሚወዱትና ሲቀር በጣም የሚናፍቁት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ እጅ ላይ የገባው ነገር ነው።

ዊንዶውስ 8 ኦክቶበር 26 ቀን 2012 ሲወጣ ቁልፉ አልነበረም። አፕል በ2010 አይፓድን ካወጣ በኋላ ታብሌት ገበያውን ይዞት ስለነበር ማይክሮሶፍት በጣት የሚነካውንም በማውስ የሚሠራውንም በአንድ ገጽ ለማስተናገድ ፈለገ። ስታርት ሜኑ ቀርቶ መላውን ስክሪን የሚሸፍን ባለ ቀለም ሰሌዳ ተተካ። ችግሩ በትንሿ ሥራ ላይ ጎልቶ ታየ፤ ኮምፒውተሩን በማጥፋት። በዊንዶውስ 7 ስታርትን ከዚያም «ሸት ዳውን»ን መጫን በቂ ነበር። በዊንዶውስ 8 ግን ማውሱን ወደ ቀኝ ጥግ ወስዶ የተደበቀው ዝርዝር ብቅ እስኪል መጠበቅ፣ ከዚያ «ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «ፓወር»፣ በመጨረሻ «ሸት ዳውን» ማለት ያስፈልጋል። ጥጉ ላይ ዝርዝር መኖሩን ደግሞ ስክሪኑ ላይ የሚጠቁም ምንም ነገር የለም። ለዓመታት በዊንዶውስ ሲሠራ የኖረ ሰው የሌላ ሰው ማጀት ገብቶ ጨው እንደሚፈልግ ሆነ።

በኦክቶበር 2013 የወጣው ዊንዶውስ 8.1 ቁልፉን ቢመልሰውም ሲጫኑት የሚከፈተው ያው ሰሌዳ ነበር። ሜኑው ራሱ የተመለሰው ጁላይ 29 ቀን 2015 በወጣው ዊንዶውስ 10 ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙዎች የታገሡት ኢቮ ቤልቼቭ የተባለ ፕሮግራመር በነፃ ያቀረበውንና የቀድሞውን ሜኑ የሚመልሰውን ክላሲክ ሼል ጭነው ነው። እሱ በ2017 መጨረሻ ሥራውን ሲያቆም በጎ ፈቃደኞች ተረክበው ኦፕን ሼል በሚል ስም ቀጠሉበት። ትልቅ ኩባንያ የጣለውን ሌሎች ያለ ክፍያ አንስተው ይህን ያህል ዓመት መሸከማቸው ነገሩ ምን ያህል እንደተፈለገ ያሳያል።

የናፍቆት ነገር ሲነሳ ከሁሉ በላይ የሚጠራው በ2009 የወጣው ዊንዶውስ 7 ነው። ብርሃን የሚያሳልፈው የመስኮቶቹ ጠርዝ ዓይን ይስብ ነበር፤ ያ ከዊንዶውስ 8 ጋር ቀረ። ሥራን ያቀለለው ግን ሌላ ነው፦ አንዱን መስኮት ወደ ግራ ጠርዝ ጎትተው ሲለቁት የስክሪኑን ግማሽ ይይዛል፣ ሌላውን ወደ ቀኝ ሲወስዱት ቀሪውን ይሞላል። ሁለት ሰነድ ጎን ለጎን አድርጎ ለሚያመሳክር ተርጓሚ ወይም የሒሳብ ሠራተኛ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም። ደግነቱ ይህ እስከ ዛሬ አለ። ያልዘለቀው የፍለጋው ጥራት ነው። የዊንዶውስ 7 ስታርት ሜኑ ላይ ሁለት ሦስት ፊደል ሲጻፍ የሚመጣው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ፕሮግራምና ፋይል ነበር። ከዊንዶውስ 8.1 ጀምሮ በመጡት ላይ የኢንተርኔት ውጤት አብሮ ስለሚቀላቀል የራስን ፋይል ከመካከሉ መለየት ያስፈልጋል።

ጨዋታዎቹም ቀላል ቦታ አልነበራቸውም። ከ1990 ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር የመጣው ሶሊቴር፣ ብዙዎች «ካርታ» የሚሉት፣ ማውስ ጨብጦ ለማያውቅ እጅ ይዞ መጎተትን አስተምሯል። ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ የነበረው ፒንቦል በዊንዶውስ ቪስታ የቀረው ደግሞ በቴክኒክ ምክንያት ነው። የማይክሮሶፍቱ ሬይመንድ ቼን እንዳስረዱት ጨዋታው ወደ 64 ቢት ሲዛወር ኳሷ ያገኘችውን ሁሉ እያለፈች ትወድቅ ነበር። ፕሮግራሙን የጻፈው ሌላ ኩባንያ ስለነበርና አብዛኛው ኮዱም ማብራሪያ ስላልነበረው ስህተቱን ፈልጎ ማግኘት አልተቻለም። በዊንዶውስ 8 የቀረው ሶሊቴር በዊንዶውስ 10 ቢመለስም ማስታወቂያ ይዞ ነው፤ ያለ ማስታወቂያ መጫወት ለሚፈልግ ክፍያ አለው።

ለአማርኛ ጸሐፊ ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2007 ለሕዝብ በቀረበው ቪስታ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም ኤክስፒ የራሱ የግዕዝ ፎንት ስላልነበረው የአማርኛ ድረ ገጽ ሲከፈት ባዶ ሳጥኖች ይደረደሩ ነበር። ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ መጣ። ከዚያ በፊት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ደብዳቤ፣ የሶፍትዌሩ ፎንት ባልተጫነበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት የተቀላቀለበት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ፎንቱን በፍላሽ ይዞ መሄድ የተለመደ የነበረውም ለዚህ ነው። እንዲህም ሆኖ ዛሬም ኮምፒውተራቸው ፎርማት በተደረገ ቁጥር መጀመሪያ ፓወር ግዕዝ የተባለውን የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር የሚያስጭኑ አሉ። ጣታቸው የለመደው የቁልፍ አሠራር እሱ ነው።

የቀረ ሁሉ ግን አይናፈቅም። ሲዲ ወይም ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራሙን በራሱ የሚያስጀምረው አውቶራን አንድ ሰሞን ምቾት ነበር፤ የቫይረስ መግቢያ በር የሆነውም እሱ ነው። አንድ ፍላሽ ቢሮ ለቢሮ ሲዞር የተሰካበትን ኮምፒውተር ሁሉ ይበክል ነበር። ማይክሮሶፍት ይህን በዊንዶውስ 7 ለፍላሽ ከለከለ፣ በ2011 መጀመሪያ ደግሞ በማሻሻያ አማካይነት ኤክስፒና ቪስታ ላይም አጠፋው። ማንም ይመለስልኝ ሊል አይገባም።

ኦክቶበር 5 ቀን 2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ታስክባሩን እንደ አዲስ ስለሠራው የቆዩ ልማዶችን በአንድ ጊዜ አስቀርቷል። ሲወጣ ታስክባሩን ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ማዛወር፣ ፋይል ጎትቶ በታስክባሩ ላይ ወዳለ ፕሮግራም መውሰድ፣ የተከፈቱትን መስኮቶች በየስማቸው ለያይቶ ማሳየት አይቻልም ነበር። ፋይል መጎተት በ2022፣ ስም ማሳየት በ2023 ተመለሱ። ስታርት ወደ መሐል ቢመጣም ከሴቲንግስ ገብቶ ወደ ግራ መመለስ ይቻላል። ከሁሉ የከበደው ግን መነሻው ላይ ያለው ነው። የቀደሙት ዊንዶውሶች ያለ ኢንተርኔት ተጭነው፣ የተጠቃሚ ስም ተሰጥቷቸው ሥራ ይጀምሩ ነበር። ዊንዶውስ 11 ሆም የተባለው እትም ግን ሲጫን ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። መስመር በሌለበት ከተማ አዲስ ላፕቶፕ የከፈተ ሰው ገና ዴስክቶፑን ሳያይ ከስልኩ ዳታ ማጋራት ይኖርበታል።